መውጊያው ያልተነሣለት ሐዋርያ

ከበዓለ ጰራቅሊጦስ ማግስት የተጀመረው የሐዋርያት ጾም የሚፈታበት ሐምሌ 5 ቀን የቅዱስ ጴጥሮስና የቅዱስ ጳውሎስ ዕረፍት የሚታሰብበት ዕለት ነው። በዚህ ዕለት ምእመናን የክረምቱ ዝናብ ሳይበግራቸው ማልደው ወደ ቤተ ክርስቲያን ይገሰግሳሉ፤ ከቅዳሴ በኋላም በየቤቱ የፍስክ ማዕድ ይቀርባል። ይሁን እንጂ በዓል ለሁሉም ቤት በእኩል ደስታ አይውልም። በአንዱ ቤት ስለታመመ ልጃቸው ዓመቱን ሙሉ ሲሳሉና ሲማልዱ የከረሙ ወላጆች ልጃቸውን ቀብረው ተቀምጠዋል። በሌላው ቤት ለብዙ ዘመን ልጅ ሲለምኑ የኖሩ ባልና ሚስት ዛሬም ብቻቸውን ማዕድ ይቆርሳሉ። እነዚህ ሰዎች አደባባይ አያውጡት እንጂ በልባቸው እግዚአብሔር ለምን እንዳልሰማቸው መጠየቃቸው አይቀርም።

ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው ከጎረቤትና ከወዳጅ የሚሰጠው መልስ አንዳንድ ጊዜ ከሐዘኑ ይልቅ የሚያቆስል ይሆናል። እምነቱ ስላነሰ ወይም የተሰወረ ኃጢአት ስላለበት ልመናው እንዳልደረሰለት ይነገረዋል። በእርግጥ ጸሎትን የሚያሰናክሉ ነገሮች እንዳሉ ቅዱሳት መጻሕፍት ያስተምራሉ። ለሥጋ ምኞቱ ማሟያ ብቻ የሚለምን ሰው እንደማይቀበል ሐዋርያው ያዕቆብ ጽፏል። ነቢዩ ኢሳይያስ በደል ሰውን ከአምላኩ እንደሚለይ፣ መጽሐፈ ምሳሌ ለድሃው ጩኸት ጆሮውን የሚደፍን ሰው እርሱም ጮኾ እንደማይሰማ፣ ቅዱስ ጴጥሮስ ደግሞ ሚስቱን የማያከብር ባል ጸሎቱ እንደሚከለከል አስተምረዋል። እነዚህን ቃላት እያንዳንዳችን ራሳችንን እንመረምርባቸው ዘንድ ተቀብለናቸዋል። በሐዘንተኛ ላይ ድንጋይ አድርገን እንወረውራቸው ዘንድ ግን አልተሰጡንም። ከዚህ ሁሉ ነቀፋ የራቁ ቅዱሳንም ለምነው የለመኑት ሳይፈጸምላቸው የቀረበት ጊዜ አለና።

ከእነርሱ አንዱ ዛሬ በዓሉን የምናከብርለት ቅዱስ ጳውሎስ ነው። ቤተ ክርስቲያናችን ዐሥራ አራት መልእክታቱን ትቀበላለች፤ በቅዳሴም ጊዜ ከሐዲስ ኪዳን መጻሕፍት አስቀድሞ የሚነበበው የእርሱ መልእክት ሲሆን አንባቢውም ዲያቆኑ ነው። የዚህ ሐዋርያ ታሪክ በአብዛኛው የሚነገረው በተአምራቱና በስብከቱ በኩል ነው። ዛሬ ግን ሕይወቱን በጸሎቱ በኩል፣ ይልቁንም እንደ ለመነው ባልሆነለት ጸሎቱ በኩል እንመለከተዋለን። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባብያን ይገንዘቡልን።

ፈሪሳዊው ሳውልና የእስጢፋኖስ ጸሎት

ቅዱስ ጳውሎስ የተወለደው ዛሬ በቱርክ ግዛት ውስጥ በምትገኘው በኪልቅያ፣ በጠርሴስ ከተማ ነው። ወላጆቹ ከብንያም ነገድ የሆኑ አይሁድ ሲሆኑ፣ የሮማ ዜግነት ከልደቱ ጀምሮ መብቱ ነበረ። ሁለት ስምም ነበረው፤ በዕብራውያን ዘንድ ሳውል፣ በሮማውያን ዘንድ ጳውሎስ ይባል ነበር። የእጅ ሙያው ድንኳን መስፋት ነው፤ በኋላም በስብከቱ ዘመን በማንም ላይ ሸክም እንዳይሆን በዚሁ ሙያ ራሱን ይረዳ ነበር። ለሕግ ትምህርት በኢየሩሳሌም በስመ ጥሩው መምህር በገማልያል እግር ሥር ተቀምጦ ከተማረ በኋላ፣ በቅንዓቱ ከእኩዮቹ የሚቀድም ፈሪሳዊ ሆነ።

በመጽሐፍ ቅዱስ ለመጀመሪያ ጊዜ የምናገኘው ግን በደም አደባባይ ቆሞ ነው። ሊቀ ዲያቆናት ቅዱስ እስጢፋኖስ በድንጋይ ሲወገር ወጋሪዎቹ ልብሳቸውን ያስቀመጡት በዚህ ጎልማሳ እግር አጠገብ ነበር፤ እርሱም በግድያው ይስማማ ነበር። ቅዱስ እስጢፋኖስ ተንበርክኮ ለገዳዮቹ ይህ ኃጢአት እንዳይቆጠርባቸው ለመነ፤ ይህንንም ብሎ አንቀላፋ። በዚያች ሰዓት የታየ መልስ አልነበረም። ድንጋዩ መውረዱን አላቋረጠም፤ ልብስ ጠባቂውም ከዚያ ተነሥቶ በየቤቱ እየገባ ክርስቲያኖችን እየጎተተ ወኅኒ ያስገባ ጀመር። በሰው ዓይን ለሚያይ የሰማዕቱ የመጨረሻ ጸሎት ያልተሰማ ጸሎት ነበር።

ሳውል ክርስቲያኖችን አስሮ ለማምጣት ከሊቀ ካህናቱ ደብዳቤ ተቀብሎ ወደ ደማስቆ ሲገሠግሥ፣ በመንገድ ከሰማይ ብርሃን አንጸባረቀበት፤ ወድቆም የሚያሳድደው ኢየሱስ ክርስቶስ እርሱ መሆኑን ሰማ። ዓይኑ ታውሮ እየተመራ ከተማዪቱ ገባ፤ ሦስት ቀንም ሳይበላና ሳይጠጣ በጸሎት ቆየ። ጌታ ሐናንያን ወደ እርሱ በላከው ጊዜ የሰጠው ምልክት ይህ ሰው እየጸለየ መሆኑን ነበር። ሐናንያ የሳውልን ክፉ ዝና ሰምቶ ነበርና ፈራ፤ ነገር ግን ይህ ሰው የተመረጠ ዕቃ መሆኑን፣ ስለ ስሙም ብዙ መከራ ሊቀበል እንደሚገባው ተነገረው። እጁንም ጫነበት፤ ዓይኖቹ በሩለት፤ ተጠመቀም (ሐዋ. 9፥1-19)። ሊቃውንት የእስጢፋኖስን ጸሎትና የጳውሎስን መጠራት አያይዘው የሚያስተምሩት ስለዚህ ነው። መልሱ መጥቷል፤ ለማኙ ግን በዐጸደ ሥጋ ሳለ አላየውም።

ወደ ኢየሩሳሌም ሲለምን ወደ አሕዛብ ተላከ

ከተጠመቀ በኋላ ሳውል ወደ ዓረብ ሀገር ሄዶ ወደ ደማስቆ ተመለሰ። በዚያም ሊገድሉት ስለፈለጉ ወንድሞች በሌሊት በቅርጫት አድርገው በቅጥሩ በኩል አወረዱት። ከሦስት ዓመት በኋላ ወደ ኢየሩሳሌም ወጥቶ ከቅዱስ ጴጥሮስ ጋር ዐሥራ አምስት ቀን ሰነበተ። በዚህ ጊዜ በቤተ መቅደስ ሲጸልይ ተመስጦ መጥቶበት ጌታን አየው፤ ፈጥኖም ከከተማዪቱ እንዲወጣ ታዘዘ።

ሳውል ግን ይህን ትእዛዝ ዝም ብሎ አልተቀበለም። ምክንያቱን እያቀረበ ተከራከረ። የኢየሩሳሌም ሰዎች አሳዳጅነቱን የሚያውቁ፣ በእስጢፋኖስም ሞት መስማማቱን ያዩ በመሆናቸው ከማንም ይልቅ የእርሱን ምስክርነት ሊሰሙ እንደሚችሉ አስረዳ። ምክንያቱ የሚናቅ አይደለም፤ ልመናውም ከክፉ ልብ የመነጨ አልነበረም፤ ባጠፋበት ከተማ ሊክስ የፈለገ ሰው ልመና ነው። ይሁን እንጂ አልተፈቀደለትም፤ ሩቅ ወዳሉ አሕዛብ እንደሚላክ ተነገረው (ሐዋ. 22፥17-21)። ወንድሞችም ወደ ቂሣርያ አውርደው ወደ ጠርሴስ ሰደዱት። በርናባስ ፈልጎ እስኪያገኘው ድረስ በሶርያና በኪልቅያ የቆየበት ዘመን በሐዋርያት ሥራ መጽሐፍ ያልተተረከ የዝምታ ዘመን ነው።

ከዚያ በኋላ ያለውን ሁላችንም እናውቀዋለን። በርናባስ ወደ አንጾኪያ አመጣው። ከዚያም ወደ ቆጵሮስ፣ ወደ ጲስድያ አንጾኪያ፣ ወደ ኢቆንዮን ተጓዙ፤ በልስጥራን በድንጋይ ተወግሮ የሞተ መስሏቸው ከከተማ ውጭ ጣሉት። በሁለተኛው ጉዞው ከሲላስ ጋር በእስያ አውራጃ ሊሰብክ አስቦ ነበር፤ መንፈስ ቅዱስ ከለከለው። ወደ ቢታንያ ሊገባ ሞከረ፤ አሁንም አልተፈቀደለትም። ሁለት በር ተዘግቶበት ወደ ጢሮአዳ ወረደ፤ በዚያም አንድ የመቄዶንያ ሰው መጥቶ እንዲረዳቸው ሲለምነው በሌሊት ራእይ አየ። ባሕሩን ተሻግሮ በፊልጵስዩስ ቀይ ሐር ሻጯን ልድያን ከነቤተ ሰቧ አስጠመቀ። ወንጌል በዚህ ጉዞ ወደ መቄዶንያና ወደ ግሪክ ደረሰ። ከተዘጉት በሮች አንዱ ቢከፈትለት ኖሮ ያን ጊዜ ወደ ጢሮአዳ ባልወረደ ነበር።

ለሌሎች መድኃኒት፣ ለራሱ ሕመም

ሐዋርያው በቆሮንቶስ አንድ ዓመት ከስድስት ወር አስተማረ። በዚያ ሳለ በከሳሾቹ ተይዞ የቀረበው በአገረ ገዢው በጋልዮስ ፊት ነበር። በግሪክ በዴልፊ የተገኘ በድንጋይ ላይ የተቀረጸ ጽሕፈት ስለዚህ ገዢ ስለሚናገር፣ ጊዜው በ51 ወይም በ52 ዓ.ም. አካባቢ እንደነበረ ይታወቃል። ቀጥሎም በኤፌሶን ሦስት ዓመት ያህል ተቀመጠ። በኤፌሶን የሆነው ነገር ለጉዳያችን ታላቅ ቁም ነገር አለው። የቅዱስ ጳውሎስ አካል የነካውን ጨርቅና ልብስ እየወሰዱ በሕሙማን ላይ ሲያኖሩት ደዌያቸው ይለቃቸው፣ ክፉዎች መናፍስትም ይወጡላቸው ነበር (ሐዋ. 19፥11-12)። በጢሮአዳም ከሦስተኛው ደርብ ወድቆ የሞተውን ጎልማሳ በሕይወት ለወገኖቹ መልሶላቸዋል።

ልብሱ ሕሙማንን የሚፈውሰው ይህ ሰው ግን በገዛ ሥጋው ውስጥ የማይነቀል ሕመም ይዞ ይዞር ነበር። በሁለተኛው የቆሮንቶስ መልእክቱ፣ ይህም በ55 ወይም በ56 ዓ.ም. ገደማ የተጻፈ ነው፣ ከዐሥራ አራት ዓመት በፊት እስከ ሦስተኛው ሰማይ መነጠቁን፣ ሰውም ሊናገረው የማይገባ ምሥጢር መስማቱን ይገልጣል። ቁጥሩን ወደ ኋላ ብንቆጥረው ያ ራእይ የተገለጠለት በዚያው በሶርያና በኪልቅያ የዝምታ ዘመኑ እንደ ነበረ እንረዳለን። ከዚያም ከራእዩ ታላቅነት የተነሣ እንዳይታበይ የሥጋ መውጊያ፣ እርሱም የሚጎስመው የሰይጣን መልእክተኛ፣ እንደተሰጠው ይጽፋል። ይህ መውጊያ ከእርሱ እንዲርቅ ጌታን ሦስት ጊዜ ለመነ። ሕመሙ እንደሚነሣለት ግን አልተነገረውም። የተነገረው የጌታ ጸጋ እንደሚበቃው፣ መለኮታዊው ኃይልም በድካም እንደሚፈጸም ነው (2ኛ ቆሮ. 12፥7-9)።

መውጊያው ምን እንደ ነበረ መምህራን በተለያየ መንገድ ተርጉመውታል። ከጥንት ጀምሮ የራስ ሕመም ነው ያሉ አሉ። የገላትያ ሰዎች ቢቻላቸው ዓይናቸውን አውጥተው ሊሰጡት ይወዱ እንደ ነበር ሐዋርያው ራሱ መመስከሩን፣ በእጁም ጉልሕ ፊደል መጻፉን አይተው የዓይን ሕመም ነው የሚሉም አሉ። ቅዱስ ዮሐንስ አፈ ወርቅ በበኩሉ እንደ ናስ አንጥረኛው እስክንድሮስ ያሉትን ወንጌልን የሚቃወሙ ጠላቶቹን ማለቱ እንደ ሆነ ተርጉሟል። ሐዋርያው ስሙን ሳይጠራው መተውም ለአንባቢው ጥቅም አለው። ወገቡን የሚያመው፣ ዓይኑ የፈዘዘበት፣ ጠላት የበዛበት ሁሉ መውጊያውን ከሐዋርያው መውጊያ አጠገብ ሊያኖር ይችላልና።

በዚህ ታሪክ ሦስት ነገሮችን ልናስተውል ይገባል። አንደኛ፣ ሐዋርያው ሕመሙን አልወደደውም፤ የሰይጣን መልእክተኛ ብሎ ጠርቶታል፤ እንዲወገድለትም ደጋግሞ ለምኗል። ስለዚህ ሕመምተኛው ከሕመሙ ለመዳን መለመኑ፣ ማልቀሱም እምነት ማጣት አይደለም። ሁለተኛ፣ ልመናው ያልተፈጸመው እግዚአብሔር ስላልሰማ አይደለም። መልስ መጥቷል፤ መልሱ ግን እንቢታ ነበር። ከእንቢታውም ጋር የሚያኖረው ጸጋ ተሰጥቶታል። ሦስተኛ፣ ሐዋርያው ይህን ልመና ያቀረበው ሦስት ጊዜ ነው። ጌታችንም ለእኛ አብነት ሊሆን በጌቴሴማኒ የመከራው ጽዋ እንዲያልፍ ሦስት ጊዜ ጸልዮ፣ የአብ ፈቃድ እንዲሆን በማስረከብ ፈጽሟል። ሎሌ ከጌታው አይበልጥም።

የሐዋርያው ወዳጆች ነገርም እንዲሁ ነው። አፍሮዲጡ ታሞ ለሞት ቀርቦ ሳለ እግዚአብሔር ምሮት ድኗል፤ ሐዋርያውም በሐዘን ላይ ሐዘን እንዳይጨመርበት የተደረገለት ምሕረት እንደ ሆነ ጽፏል። ጥሮፊሞስን ግን በሚሊጢን ታሞ ሳለ ትቶት ሄዷል። ልጁን ጢሞቴዎስን ስለ ሆዱና ደጋግሞ ስለሚነሣበት ሕመም ጥቂት ወይን እንዲጠቀም መከረው እንጂ እምነት ጎድሎሃል ብሎ አልገሠጸውም። በመጨረሻው እስራቱም አብሮት የቀረው ባለ መድኃኒቱ ሉቃስ ነበር። ስለዚህ ዛሬም ጸበል የሚጠመቅ ሕመምተኛ ሐኪም ያዘዘለትን መድኃኒት መተው የእምነት ምልክት እንዳይመስለው፣ ዘመዶቹም ወደዚህ እንዳይገፉት ይገባል። ጸሎትንና መድኃኒትን ያላጣላ ሐዋርያ አለንና። በዚህ ስሕተት ምክንያት ሕይወት እንዳይጠፋ መጠንቀቅ የእያንዳንዱ ክርስቲያን ቤተ ሰብ ግዴታ ነው።

በሰንሰለት የተፈጸመ ልመና

ቅዱስ ጳውሎስ በ57 ዓ.ም. ገደማ በቆሮንቶስ ሆኖ ለሮሜ ክርስቲያኖች ታላቁን መልእክት ጻፈ። በመልእክቱ መጨረሻ ስለ ሦስት ነገር አብረውት በጸሎት እንዲጋደሉ ለመናቸው። በይሁዳ ካሉት ከማያምኑት እንዲድን፣ ለኢየሩሳሌም ድሆች የሰበሰበው ርዳታ በቅዱሳኑ ዘንድ የተወደደ እንዲሆን፣ በእግዚአብሔርም ፈቃድ በደስታ ወደ ሮሜ መጥቶ ከእነርሱ ጋር እንዲያርፍ ነበር (ሮሜ 15፥30-32)።

የሆነውን እንመልከት። በኢየሩሳሌም በቤተ መቅደስ ውስጥ ሕዝቡ ተነሥቶበት ሊገድሉት እየጎተቱ አወጡት፤ የሮማ ወታደሮች ደርሰው ከእጃቸው ነጥቀው በሁለት ሰንሰለት አሰሩት። ከአርባ የሚበልጡ ሰዎች እርሱን ሳይገድሉ እህል ውኃ ላይቀምሱ ተማማሉ። ሤራውን የእኅቱ ልጅ ሰምቶ ስላስታወቀ፣ ሻለቃው ቀላውዴዎስ ሉስዮስ ሁለት መቶ ወታደሮች፣ ሰባ ፈረሰኞችና ሁለት መቶ ባለ ጦሮች አጅበውት በሌሊት ወደ ቂሣርያ እንዲወስዱት አደረገ። በዚያም ገዢው ፊልክስ ጉቦ እየጠበቀ ሁለት ዓመት አሰረው። በፊልጵስዩስ በእኩለ ሌሊት ከሲላስ ጋር ሲጸልዩ ምድር ተናውጣ የወኅኒው በሮች የተከፈቱለት ይኸው ጳውሎስ ነው። በቂሣርያ ግን ሁለት ዓመት ሙሉ የተናወጠ መሠረት፣ የተከፈተ በር አልነበረም። ሐዋርያው አልተለወጠም፤ አምላኩም አልተለወጠም።

አዲሱ ገዢ ፊስጦስ በመጣ ጊዜ ቅዱስ ጳውሎስ ይግባኙን ወደ ቄሣር አቀረበ። ሁለት መቶ ሰባ ስድስት ነፍስ በያዘች መርከብ ተሳፍሮ ሲጓዝ፣ ዐሥራ አራት ሌሊት በማዕበል ከተንገላቱ በኋላ መርከቧ በመላጥያ ደሴት ዳርቻ ተሰበረች፤ ከተሳፋሪዎቹ ግን አንድም አልጠፋም። በዚያም በደሴቲቱ አለቃ አባት ላይ እጁን ጭኖ ከንዳድና ከተቅማጥ ፈወሰው። በመጨረሻም ሮሜ ደረሰ። ከገዳዮቹ እጅ ድኗል፤ ነገር ግን በሰንሰለት ታስሮ ነው። ወደ ሮሜ ገብቷል፤ ነገር ግን ወታደር እየጠበቀው ነው። የሮሜ ክርስቲያኖች የጸለዩት ጸሎት ተፈጽሟል ወይስ አልተፈጸመም? ሁለቱንም ማለት ይቻላል። በተከራየው ቤት ሁለት ዓመት ታስሮ ሳለ ወደ እርሱ የሚመጡትን ሁሉ ያስተምር ነበር። ቤተ ክርስቲያን ዛሬ የምታነባቸው ወደ ኤፌሶን፣ ወደ ፊልጵስዩስ፣ ወደ ቈላስይስና ወደ ፊልሞና የተላኩት መልእክታት በእስራት ሆኖ የጻፋቸው ናቸው። እግሩ ቢፈታ ኖሮ በቃል ያስተምራቸው የነበሩትን በጽሕፈት አስተማራቸው፤ ጽሕፈቱም ለእኛ ደረሰ።

ስለ ሌሎች የቀረበ ልመና

የሐዋርያውን ልብ ከሥጋው መውጊያ ይልቅ ያደማው ሌላ ልመና ነበር። ወገኖቹ እስራኤል ይድኑ ዘንድ ዘወትር ይጸልይ ነበር። በልቡ የማያቋርጥ ጭንቀት እንዳለበት፣ ስለ ወንድሞቹም ሲል እርሱ ራሱ ከክርስቶስ ተለይቶ የተረገመ ሊሆን እስከ መመኘት እንደደረሰ ጽፏል። በዘመኑ ግን ከወገኖቹ የሚበዙት አልተቀበሉትም፤ በየከተማው የገፉትም ነበሩ።

እንዲህ ያለው ልመና የሚዘገይበት ምክንያት በእግዚአብሔርና በለማኙ መካከል ብቻ አይፈለግም። የሚለመንለት ሰው ፈቃድም አለ። እግዚአብሔር ሰውን በነጻ ፈቃድ ፈጥሮታልና አስገድዶ አያድነውም። በሀገራችንም የቅድስት ክርስቶስ ሠምራ ገድል ጻድቋ ዲያብሎስ እንኳ ከፈጣሪው ጋር እንዲታረቅ እንደለመነች፣ እርሱ ግን ዕርቁን እንዳልወደደ ይተርካል። ባሏ ከመጠጥ፣ ልጇ ከክፉ ጓደኛ እንዲመለስ ለዓመታት የምትጸልይ እናት ብቻዋን አይደለችም። ቅዱስ ጳውሎስ ከዚህ የደረሰበት መደምደሚያ ተስፋ መቁረጥ አልነበረም። እግዚአብሔር ሕዝቡን ፈጽሞ እንዳልጣለ አስተማረ፤ ለማይመረመረውም ጥበቡ ምስጋና አቀረበ።

የመጨረሻው ክረምት

የሐዋርያው የመጨረሻ መልእክት ለጢሞቴዎስ የጻፈው ሁለተኛው ነው። በዚህ መልእክት ውስጥ የምናገኘው ሽማግሌ እስረኛ ነው። ዴማስ ትቶት ሄዷል፤ ከእርሱ ጋር ያለው ሉቃስ ብቻ ነው። በጢሮአዳ የተወውን በርኖሱንና መጻሕፍቱን፣ ይልቁንም በብራና የተጻፉትን፣ ጢሞቴዎስ እንዲያመጣለት ይለምነዋል፤ ከክረምት በፊት እንዲመጣም አደራ ይለዋል። ሦስተኛውን ሰማይ ያየ ሰው ብርድ ይበርደዋል፤ ወዳጅም ይናፍቀዋል። ይህን መሸሸግ ለክብሩ እንደሚያስፈልግ አልቆጠረም።

በፍርድ ቤት በቀረበበት በመጀመሪያው ቀን ከጎኑ የቆመ አንድ ሰው እንኳ አልነበረም። ሁሉም ትተውት ሸሹ። እርሱ ግን ይህ በደል እንዳይቆጠርባቸው ለመነላቸው። አንባቢ ልብ ይበል። ይህ ልመና ከብዙ ዓመታት በፊት ልብስ እየጠበቀ ሳለ ከቅዱስ እስጢፋኖስ አንደበት የሰማው ልመና ነው። የሰማዕቱ ጸሎት በአሳዳጁ ልብ ውስጥ አድሮ፣ በልቡ አድጎ፣ በመጨረሻ በገዛ አንደበቱ ወጣ።

በዚሁ መልእክት ጌታ ከክፉ ነገር ሁሉ እንደሚያድነው፣ ለሰማያዊ መንግሥቱም እንደሚያበቃው በእርግጠኝነት ጽፏል። ይህን ሲጽፍ የሚሠዋበት ጊዜ እንደ ደረሰ ያውቅ ነበር። ስለዚህ መዳን ሲል ከሰይፍ ማምለጥን ብቻ ማለቱ እንዳልነበረ ግልጽ ነው። ሮም በ64 ዓ.ም. ከተቃጠለች በኋላ ንጉሥ ኔሮን በክርስቲያኖች ላይ ባስነሣው ስደት ዘመን፣ ቅዱስ ጴጥሮስ ቁልቁል ተሰቅሎ፣ ቅዱስ ጳውሎስም የሮማ ዜጋ ስለ ነበር በሰይፍ አንገቱን ተቆርጦ ሰማዕትነታቸውን ፈጸሙ። መውጊያው ያን ቀን ከሥጋው ተነሣ።

ከሐዋርያው ሕይወት የምንማረው

በቅዱስ ጳውሎስ ሕይወት ውስጥ የጸሎት መልስ በብዙ መንገድ ሲመጣ አይተናል። አንዳንዱ በዚያችው ሌሊት ተፈጸመ። አንዳንዱ ለማኙ ካረፈ በኋላ ደረሰ። አንዳንዱ ተከለከለና በሌላ በር ተተካ። አንዳንዱ ግማሹ በደስታ፣ ግማሹ በሰንሰለት ሆኖ መጣ። አንዳንዱ ደግሞ እንቢታ ሆኖ፣ እንቢታውን የሚያስችል ጸጋ ተጨመረበት። የትኛው ለማን እንደሚሰጥ የሚያውቅ እግዚአብሔር ብቻ ነው። ስለሆነም ያልተፈወሰውን ሕመምተኛ ምክንያቱን እናውቃለን ብለን በእርሱ ላይ ልንፈርድ አይገባንም። ኢዮብን ያደከሙት ቁስሉ ብቻ ሳይሆኑ ምክንያቱን እናውቃለን ብለው አጠገቡ የተቀመጡት ወዳጆቹም ነበሩ።

ሐዋርያው እንቢታ ከተቀበለ በኋላ መጸለዩን አልተወም። ሳያቋርጡ እንዲጸልዩ ተሰሎንቄዎችን መክሯል፤ ስለ እርሱም እንዲጸልዩለት በየመልእክቱ ለምኗል። ስለዚህ ልመናው የዘገየበት ክርስቲያን ቢያለቅስ ያልቅስ፤ ቢደክመው ሌሎች እንዲጸልዩለት ይጠይቅ፤ ሐኪምም ካህንም ያማክር፤ ደጁን መምታቱን ግን አይተው። እኛም በዚህ በዓል ማዕዳችንን ስንባርክ፣ በጎረቤት ያለውን ያዘነ ቤት ጠርተን፣ ወይም ምግባችንን ይዘን ሄደን፣ ብዙ ሳንናገር አብረን እንቀመጥ። ለአንዳንድ ሰው ለዓመታት ሲለምን የኖረው ጸጋ የሚደርሰው በዚህ በኩል ነውና።

የቅዱሳን ሐዋርያት የጴጥሮስና የጳውሎስ በረከታቸው ይደርብን፤ አሜን።